አሚር ነደባ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለፊርማ ብቻ ሆኗል። ዕድሜዬም ቢሆን ትዝታ የሚጻፍበት አይደለም፤ ሠላሳን ገና መሻገሬ ነው። ትዝታ ሽበት ላላቸው ነው ይላሉ። ግን በእኔ ዕድሜ ሐረር ውስጥ መጥቶ፣ ደምቆ፣ የጠፋ ነገር ስላየሁ የሸበትኩ ያህል ይሰማኛል። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል። ወረቀት ዓይን ስለሌለው እስቲ በወረቀት ልሞክረው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን የልጄን የክትባት ካርድ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ አራተኛ ሰፈር ወደሚገኝ ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ልጅቷ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍታ እየጻፈች ነበር። ከኮምፒውተሩ የሞቀ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ትንሽም የብረት ሽታ ተቀላቅሎ መጣ። ለሌላው ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ነው። እኔ ግን እንደ ሽቶ ሳብኩት። ልጅቷ "እህት፣ ስንት ኮፒ?" ብትለኝም አልሰማኋትም። ደግማ ስትጠይቀኝ ደነገጥኩና የማልፈልገውን ያህል አሠርቼ ወጣሁ። ትርፉን ልጄ አሁን ቤት ውስጥ እየሳለችበት ነው።

ያ ሽታ የአባይ ዘይነብ ቤት ሽታ ነው። ሐረሪዎቹ ትልቅ ሴትን አክብረው ሲጠሩ "አባይ" ይላሉ። እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ የወታደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሐረር ቀርቶ የሞተ ሰው ነው። ቢሆንም አባይን "አባይ" እንጂ "ወይዘሮ" ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ፣ ከመኪና ግርግር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። መኪና ግርግር ያኔ እውነትም ግርግር ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም በኩል ተደርድረው ሲሰፉ፣ የሲንጀሮቹ ድምፅ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ከአንዱ ሱቅ የሱዳን ዘፈን፣ ከሚቀጥለው የኦሮምኛ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ መንዙማ ይሰማል፤ መሀል ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ይወዛወዛል። ሳምቡሳ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ያውም ሥጋ ያለው። ከሸዋ በር አራተኛ የሚወስደው ሰማያዊና ነጭ ፔጆ በሩ በገመድ ታስሮ፣ ከኋላ ተሳፋሪው በተሳፋሪ ላይ ተነባብሮ ነበር የሚሄደው። ባጃጅ ገና አልወረረንም። እኛ ሴቶቹ ከጂንስ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሹራብ መልበስ ፋሽን አድርገነው ነበር። የእኔ ሹራብ አረንጓዴ ነበር፤ ክርኑ ሲያልቅ ሌላ አረንጓዴ ጣፍኩበት፤ ሁለቱ አረንጓዴዎች ግን አይዋደዱም ነበር።

አባይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የእንግዳ ክፍላቸውን ጌም ቤት አደረጉት። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስለሚጫወት ጌም ቤት ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አለ። ኮምፒውተር ተደርድሮ፣ ወጣት በሃምሳ ሳንቲም አንድ ጨዋታ እየገዛ የሚጮህበት ቤት ነበር። የሐረሪ ቤት ደግሞ ወንበር የለውም። ውስጡ ነደባ ነው፤ ነደባ ማለት ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ በቀይ አፈር የተለሰነ መደብ ነው። ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ነው የሚቀመጥበት። ከበሩ አጠገብ ያለው ትንሹ ነደባ የልጆች ነው። ከፍ ያለው፣ በሩን በግልጽ የሚያየው፣ አሚር ነደባ የሚባለው ደግሞ የአባወራው ወይም የትልቅ እንግዳ ነው። አባይ ኮምፒውተሮቹን ሲያስቀምጡ አሚር ነደባውን ባዶ ተዉት። የባላቸው ቦታ ነበር። ጎረምሶቹም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ያንን ቦታ ሳይረግጡ ነበር የሚጫወቱት። እኔ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ሳንቲም እቀበላለሁ፣ ሰዓት ሲያልቅ አስነሳለሁ። "አለቀ" ብሎ መናገር ስለሚያሳፍረኝ ትከሻቸውን በእርሳስ ጫፍ ነካ አደርጋለሁ። እርሳስ ትከሻው ላይ ያረፈበት ሁሉ ይነሳል። "ትዕግሥት ነክሳኛለች" ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ክረምት ፈላና በር አካባቢ አዲስ ጌም ቤት ተከፈተ። አዲሱ የኳስ ጨዋታ እዚያ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ፊታቸው ይታያል፣ ያላባቸዋል፣ ሲያገቡ ማሊያቸውን ያወልቃሉ። እኛ ጋ ያለው ጨዋታ የድሮው ነው። ሜዳው እንደ ቢሊያርድ ጠረጴዛ ሙልጭ ያለ፣ ተመልካቹ ከካርቶን የተቆረጠ ይመስል ነበር። ጃፋር የሚባል ደንበኛችን፣ ዋናው ተሳዳቢ፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ፣

"ወሪያ ትዕግሥት፣ የእናንተ በረኛ ዓይን አወጣ ወይስ ገና ነው?" አለኝ።

"አታየውም እንዴ፣ ግባና እየው" ማለት ነበረብኝ። እርሳሴን መቅረጽ ያዝኩ።

"አቦ ፊት ለሌለው ሰው አላቀብልም እኔ" ብሎ ሄደ። የቀሩትም ተከተሉት።

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። እናቴ ካምፕ ውስጥ የመኮንኖች ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገን። የሰፈራችን ደላላ ወደ ቤይሩት ሴቶች ትልክ ነበርና እናቴን አግባብታት፣ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ተነስቼ ነበር። ፎቶው ላይ በፍርሃት ዓይኔ ከፊቴ ሊወጣ ይደርሳል። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። "ሥራ ካለሽ ማን ይሰድሻል?" ትለኝ ነበር። "ሴትዮዋ ቤቱን ከዘጉ ግን ትሄጃለሽ። እዚህ ተቀምጠሽ እጄን አይተሽ አትኖሪም።" እኔ ጎረቤት ጨው መበደር የማልችል ሰው፣ ቋንቋ በማላውቅበት አገር፣ በማላውቀው ሰው ቤት ስገባ ራሴን አስብና የጠረግሁትን እንደገና እጠርጋለሁ። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ለእኔ ቤይሩትና ኳሱ ሜዳ ላይ ያልበቀለው ሣር አንድ ነገር ነበሩ። ሣሩ ከበቀለ አልሄድም።

መፍትሔ ያመጣው ሙስጤ ነው። ሙስጤ መኪና ግርግር ጥግ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ኮምፒውተርንም በራሱ የተማረ ሰው ነበር። ሥራ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ላይ የጫት ቅጠሉ ከያዘው በኋላ ነው። ጠዋት ብትጠራው "እጄ ገና አልነቃም" ይላል። ሲመረቅን ደግሞ በወሬው ጀጎልን በሙሉ በሽቦ አገናኝቶ ከአንዱ ቤት ሌላው ቤት ኳስ ያጫውታል፣ ፊልም ያሳያል፤ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። አመሻሽ ላይ ቅጠሉ ሲለቀው ያገናኘውን ከተማ ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባይ ይህን ስለሚያውቁ የሚናገረውን ግማሹን ብቻ ነበር የሚሰሙት።

"አባይ፣ ይህችኛዋ ትችላለች" አላቸው፣ ካሉን ኮምፒውተሮች አዲሷን እየመታ። ይህች ኮምፒውተር ሁሉ ነገሯ ፋብሪካ ተገጥሞ በካርቶን የመጣች፣ ርካሽ ከሚባሉት ነበረች። "ጭንቅላቷ ደህና ነው። የጎደላት ዓይን ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚባል አለ፤ ሥዕሉን የሚሥል እሱ ነው። እስካሁን የምትሥለው በጭንቅላቷ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያደክማት።"

"ይገባላታል?" አሉ አባይ።

"ትንሽዬውን ካመጣሁ ይገባል። ትልቁ ቤቷን ያጣብባል፣ መብራትም ይበላል፤ ፓወር ሰፕላይዋ አቅም የለውም። ትንሹን ከድሬዳዋ፣ ከታይዋን ገበያ አመጣላችኋለሁ።"

አባይ ዕቁብ ደርሷቸው ስለነበር ሰጡት። እውነቱን ለመናገር ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም። ግን በሁለተኛው ቀን ካርዱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ደረቱ ላይ ይዞት መጣ። የኮምፒውተሯን ጎን ፈትቶ ሲከፍት ውስጧ እንደ ጆንያ ሥር አቧራ ሞልቷል። በአፉ እፍ ሲል ሁላችንም አነጠስን። ካርዱ አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ላይ ጣት የምታህል ማራገቢያ አለችው። ሙስጤ ከንፈሩን ነክሶ አቅጣጫውን አስተካከለና ገፋው። ቀጭ አለ። ያን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ከዚያ የስክሪኗን ሽቦ ከድሮው ቦታ ነቅሎ አዲሱ ካርድ ላይ ሰካው፣ ከካርዱ ጋር የመጣውን ሲዲ አስገባ፣ ጠበቅን፣ ጠበቅን። ጨዋታው ሲከፈት ሣር ነበር። አንዱ ቅጠል ካንዱ የሚለይ፣ ጥላ ያለው ሣር።

አባይ ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ሱብሃነላህ" አሉ። "ለእኛ ውሃ ሳይመጣ ሳምንት ሆነው። ይህን ሣር ማን አጠጥቶት ነው?"

በዚያ ደስታ ነው ስሕተቱ የተሠራው። አባይ እንዲህ ያለ እንግዳ ትንሹ ነደባ ላይ አይቀመጥም አሉ። በሥርዓቱ አስበውበት፣ ኮምፒውተሯን አሚር ነደባ ላይ አወጧት። የባላቸውን ትራሶች፣ ቀዩንና ወርቃማ ጥለት ያለውን፣ በግራና በቀኝ፣ ከኋላም ደገፉላት። ከላይ ደግሞ፣ ስክሪኗን ብቻ ትተው፣ ሴት ልጃቸው ኢክራም አግብታ ጅዳ ከመሄዷ በፊት በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሷት፤ ዳንቴሉ እስከ እግሯ ወረደ። ሙሽራ መሰለች። ሙስጤ ምርቃናው ሊያልቅበት ስለነበር ምንም ሳይል ወጣ። ወሬው በማግሥቱ ፈላና በር ደርሶ ጃፋርና ጓደኞቹ ተመለሱ።

ጨዋታው ከዕረፍት በፊት ሥዕሉ ተሰነጣጠቀ። ተጫዋቾቹ ሽንትር ሽንትር ሆኑና ድርግም አለ። ጃፋር፣ "በረኛው ዓይን ቢያወጣ ሞቱን አየ" ብሎ ሳቀ። ሙስጤን ጠራነው። ትራሱን አነሣ፣ ዳንቴሉን አጥፎ አስቀመጠ፣ ጎኗን ከፈተ፣ አስነሣት። ተነሣች። ሙሉ ጨዋታ ብቻውን ተጫወተና አሸነፈ። "ምንም የላትም" ብሎ ሄደ። አባይ "ትዕግሥት፣ አልብሻት" አሉኝ፤ አለበስኳት። እንደገና ከዕረፍት በፊት ሞተች። ይህ ነገር ተደጋገመ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ትኩሳቱ የሚለቀው ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ሙስጤ "እኔ ሳለሁ ትሠራለች" ይላል፤ አባይ "አንተን ፈርታ ነው" ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ የቡዳ ዓይን ነው አለ። ይህን ሲሰሙ አባይ ይባስ ብለው ዳንቴሉን ዝቅ አድርገው ሸፈኗት፤ እንዳትታይ።

እኔ ግን እጄ ያውቅ ነበር። ሁልጊዜ የማለብሳትና የማወልቃት እኔ ነኝ። ስሸፍናት ቀዝቃዛ ናት፤ ስትሞት ገልጬ ስነካት ጀርባዋ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው፤ ትራሱም ሞቆ፣ ያ የአቧራ ሽታ ይወጣል። ግን ምን ብዬ ልናገር? ትራሱ የሟች ባላቸው ነው። ዳንቴሉ ሩቅ ያለች ልጃቸው የእጅ ሥራ ነው። የሰው ክብር ነው ዕቃውን የገደለው ተብሎ ለትልቅ ሴት ይነገራል? ያውም እኔ፣ እርሳስ የምታህል ልጅ?

አንድ ከሰዓት ሙስጤ መጥቶ ተስፋ ቆረጠ። ምርቃና ላይ ሆኖ ተስፋ ሲቆርጥ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። "አባይ፣ ካርዱ ከእሷ ጋር አልተስማማም። ነገ ጠዋት ድሬዳዋ ስለምወርድ ልመልሰው፤ ሰውዬው ይቀበለኛል" አለ። ማምሻውን ነቅሎ ሊወስደው ተስማሙና፣ እስከዚያ ለሶላት ወጣ። አባይ ነደባው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ጌይ ገናፊያቸውን፣ ያንን የሐረሪ ሴቶች ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ባለጥልፍ ሱሪ፣ እያስተካከሉ፣

"ልጄ፣ እንዝጋው" አሉኝ። "የአፎቻ ዕድር ጓደኞቼም ሰልችቷቸዋል፤ በጎረምሳ ጩኸት ወሬያችንን አንሰማም ይሉኛል። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።"

ለእናትሽ ሲሉ ቤይሩት ክፍሉ ውስጥ ገብታ የተቀመጠች መሰለኝ።

"እስኪወስዳት አልብሻት" አሉ ቀጥለው። "እንግዳ ሲሸኝም በክብር ነው።"

ዳንቴሉን አነሣሁ። ኮምፒውተሯ ሙስጤ ከመምጣቱ በፊት በጃፋር እጅ ሞታ፣ ገና እንደጋለች ነበር። ዳንቴሉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ በሕይወቴ አድርጌ የማላውቀውን አደረግሁ፤ ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት አስነሣሁ።

"አባይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎን እዚህ ያድርጉልኝ።"

ግራ ገብቷቸው ተነሡ። እጃቸውን ይዤ ከትራሱና ከኮምፒውተሯ መሀል አስገባሁት። ወዲያው ሳቡት።

"ወላሂ ይሄ ምድጃ ነው።"

"ሲያወልቁላት ትድናለች አባይ። ስናለብሳት ነው የምትሞተው። ትራሱ... ዳንቴሉም..." ከዚህ በላይ አልወጣኝም። ዓይኔን ነደባው ላይ ተከልኩ።

"የኢክራም ዳንቴል?"

"አዎ አባይ።"

ዳንቴሉን ከእጄ ወሰዱ። የሲንጀሮቹ ድምፅ ከላይ ይሰማል። ቀና ብዬ ሳይ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። ነደባው ላይ እስኪንጋለሉ ድረስ ሳቁ።

"እንግዳ አክብሬ፣ አፍኜ ልገድል" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አው ዩሱፍ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንግዳ ሲመጣ ትራስ አታብዢ፣ ሰው ይተንፍስ ይሉኝ ነበር።" አው ዩሱፍ ያሉት ባላቸውን ነው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ይህን ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"ቆየሁ አባይ።"

"እዚህ እንደ ልጄ በምቆጥርሽ ቤት አፍሽ ካልተከፈተ፣ ቤይሩት ስትታፈኚ ማን ይሰማሻል?"

ይህን ብለው ወደ ትራሱ ዞሩ። ትራሱን በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው እኔ አነሣን። ኮምፒውተሯን ተሸክመን በሩ አጠገብ ወዳለው ትንሹ ነደባ አወረድናት፤ ከመንገዱ ነፋስ ወደሚገባበት፣ የልጆች ቦታ ወደሚባለው። ራቁቷን ተቀመጠች። ዳንቴሉን አባይ ግድግዳው ላይ፣ ከሰፌዶቹ መሀል ሰቀሉት፤ እዚያ ላይ እንዲያውም ይበልጥ አማረ። ሙስጤ ካርዱን ሊነቅል ሲመለስ ጃፋር የሁለተኛውን ጨዋታ ዕረፍት አልፎ እየተጫወተ አገኘው።

"ሙቀት ነው ብዬ ነበር እኮ" አለ ሙስጤ።

"መቼ ነው ያልከው?" አሉ አባይ።

"በልቤ።"

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ፈላና በር የሄዱት ሁሉ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ የሄዱት እዚያ ስለሚሞቅ እንደሆነ፣ የተመለሱት ደግሞ እዚህ ነፋስ ስላለ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ሣሩን አይጠቅሱትም። እናቴ አንድ ቀን ልታየን መጣችና ጎረምሳው በር ላይ ተሰልፎ አገኘችው። አባይ ውስጥ አስገብተው፣ አሚር ነደባው ላይ ካልተቀመጥሽ ብለው ተጣሏት፤ እናቴ የቆሸሸ የሥራ ልብስ ለብሳ ስለነበር ጠርዙ ላይ ቂጧን ብቻ አሳረፈች። ሁልበት በሚሉት የአብሽ መረቅ ምሳ በሉ። ስለ ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ እኔ በሩ ላይ በእርሳሴ ሰው እያስነሣሁ ነበር። ማታ እናቴ የፓስፖርት ፎቶዎቼን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችኝና "ለማስታወሻ ይሁንሽ፤ ቆንጆ ወጥተሻል" አለችኝ። አልወጣሁም። ግን አሁንም አሉኝ።

ያቺ ኮምፒውተር ብዙ ዓመት አገለገለችን። የካርዷ ማራገቢያ ሲያረጅ እንደ ንብ ድምፅ ማሰማት ጀመረች፤ ሙስጤም የልብስ መኪና ዘይት እያንጠባጠበባት አቆያት። ከዚያ ስልኩ መጣ። ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ጃፋር አገባ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ሆድ አወጣ። ባጃጅ መንገዱን ሞላው። መኪና ግርግር ዛሬም ይሰፋል፤ ዘፈኑ ግን ከካሴት ሳይሆን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ስለሚወጣ ጩኸቱ በዝቶ ጣዕሙ ቀንሷል። ወይም እኔ ነኝ ያረጀሁት። ጌም ቤቱ ሲዘጋ አላዘንኩም፤ የዛሬው ልጅ በኪሱ የሚይዘውን ሣር ሳይ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ አግብቼ ነበር፤ አባይ ግን ደክመው ስለነበር በየቀኑ እየሄድኩ ቤታቸውን እጠርግ፣ ልብሳቸውን አጥብ፣ አወራቸው ነበር። አዎ፣ አወራቸው። አንዳንዴም በቃሽ ይሉኝ ነበር።

አባይ ከኮምፒውተሯ ቀን ጀምሮ ሲያሰናብቱኝ "ደህና ሁኚ" ብለውኝ አያውቁም። ሁልጊዜ በማግሥቱ ይዤ የምመጣውን ነገር ያዙኛል፤ ክር፣ ሳሙና፣ ከድሬ ጠያራ ገጠር ሴቶች ወተት። የመጨረሻው ዕለትም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሣሁ። ትንሽ ሳል ነበራቸው እንጂ ደህና ነበሩ። ጫማዬን ሳደርግ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የተኙ መስሎኝ ቀስ ብዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ። በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነው ያገኘሁት፤ ከምሽት እስከ ጠዋት ባለው ጊዜ ዐርፈው ነበር። እኔ በእጄ ፌስታል ይዤ ነበር የገባሁት።

"ትዕግሥት፣ ነገ ስትመጪ ከጊደር መጋላ ገበያ ሎሚ ይዘሽልኝ ነይ" ነበር ያሉኝ። "ትንንሹን ነው፣ ልጣጩ ቀጭን የሆነውን። ከማያውቁሽ ነጋዴዎች ጋር ስትገዢ ዝም ብለሽ አትቀበዪ፤ ተከራከሪ።"